ባዕድ ቢላ

ወልቂጤ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ ሳፊያ፣

አንቺም፣ እማም፣ ላሞቹም፣ ጎረቤታችን ሰልሚያም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደግሞ እውነቴን ነው፤ በስልክ እንደምለው ዓይነት አይደለም።

መጀመሪያ አፉ በይኝ። ባለፈው «እጅህን ምን ሆንክ?» ስትዪኝ የዘጋሁት ንቄሽ አይደለም። የቤታችን ስልክ ድምፁ ካልተከፈተ አይሰማም፤ ከተከፈተ ደግሞ እማ ብቻ ሳትሆን ሰልሚያም ከአጥር ወዲያ ትሰማለች። እማ ልጇን ማሽን ቆረጠው ሲባል ብትሰማ በእግሯ ወልቂጤ ትገባ ነበር። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በስልክ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ የቀረውን በወረቀት እንጻጻፍ። ከማሉ ሚኒባሱን ከቡታጅራ ወልቂጤ እስካመላለሰ ድረስ ያደርስልናል። አፉ ሰፊ ነው እንጂ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብ ሰው አይደለም።

እጄ ምንም አልሆነም። የሌባ ጣቴን ጫፍ ላጥ አድርጎኛል፤ በፋሻ ስለጠቀለሉት ነው ከማሉ ያጋነነው።

ማሽኑን ግን ብታዪው ሳፊ! አንቺና እማ እግራችሁን ዘርግታችሁ፣ ወገባችሁ እስኪቆረጥ ስትፍቁ የምትውሉትን እንሰት አፉ ውስጥ ታስገቢለታለሽ፤ ቃጫውን በአንድ በኩል፣ ለቆጮ የሚሆነውን በሌላ በኩል ይተፋልሻል። ትራክተር እየጎተተው ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። ኦፕሬተሩ እኔ ነኝ። አሁን ያለነው እዣ ውስጥ ነው፣ ከአገና ወጣ ብሎ። የተፋቀው ወደ ፋብሪካው ይመጣል፤ እዚህ ጉድጓድ የለም፣ ኮባ ማልበስ የለም፤ በትልልቅ የብረት ጋን ውስጥ ተብላልቶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በፓኬት ይወጣል። ቆጮ በፓኬት! እማ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል እንጃ።

ኃላፊያችን አቶ ግሩም ይባላሉ፤ ከሰሜን የመጡ ሰው ናቸው፣ ክፉ አይደሉም። «በጋው መሃል ላይ መስቃን እንገባለን፤ የአንተ መንደር በሩን ከከፈተልን የቡድን መሪ አንተ ነህ» ብለውኛል። የማውቀው ሰው ሁሉ ከተማ ገብቶ ተሸካሚ ሲሆን እኔ መሪ ልባል ነው። ስለዚህ እማን አለስልሺልኝ። በአንቺ ምላስ እንኳን እማ ድንጋይም ይለሰልሳል።

ወንድምሽ ኢስሀቅ

—

መስቃን
ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም ኢስሀቄ፣

ጣትህ እንዴት ነው? «ላጥ አድርጎኛል» ትላለህ እንደ ድንች። እኛ ደህና ነን። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፤ የሰልሚያ ድምፅ አሁንም ከመስጊዱ ማይክ ይበልጣል፤ እማ ጉልበቴን ትላለች፣ ግን ቁጭ በይ ያላት ሰው ወዮለት።

በስልክ «እማ ምን አለች?» ስትለኝ «እያሰበችበት ነው» ያልኩህ አጠገቤ ሆና ዓይን ዓይኔን ስለምታየኝ ነው። አላሰበችበትም። ገና «ማሽን» ስል ነው እጇን ያራገበችብኝ።

«ባዕድ ቢላ እንሰት ውስጥ አይገባም» አለች። አለቀ።

ወንድ ስለሆንክ እንሰት ሲፋቅ እየተባረርክ ነው ያደግከው፤ ስለዚህ ላስረዳህ። ሴቶች ለደቦ ሲመጡልን ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት። ቢላው የእኛ፣ መፋቂያው የእኛ፣ ጣውላው የእኛ። እኛም ሰልሚያ ዘንድ ስንሄድ እንዲሁ። ከሰልሚያ ጋር ስንት ዘመን ጨው ተበዳድረናል፣ እሳት ተጫጭረናል፣ ልጅ ተጠባብቀናል፤ ቢላ ግን ተዋውሰን አናውቅም። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ እማን ብጠይቃት «እንሰት ያኮርፋል» ብላ ዘጋችኝ። እሷም ከዚህ የበለጠ የተነገራት አይመስለኝም።

ያ ጓሮ አባታችን የተከለው ነው። እኛ ቤት ጤፍ የለም፤ በርበሬው ለገበያ ነው። የምንበላው እንሰቱን ነው፤ እሱ ከሄደ እኔና እማ ምን እንደምንቀምስ አላህ ይወቀው። መሪ ብትባል ደስ ይለኛል፤ ወላሂ ደስ ይለኛል፤ ሰልሚያን ባገኘኋት ቁጥር እየደጋገምኩ እነግራታለሁ። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።

ከማሉ በአገና ሲያልፍ ያየውን ነግሮኛል። የምታውቀው ነገር ካለ ጻፍልኝ። በስልክ እንዳታነሳው።

ደግሞ ሚስት መፈለጉን በማሽን ጀምረኸው እንደሆነ ንገረኝ፤ እኛም እንረፍ።

እህትህ ሳፊያ

—

ወልቂጤ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ሳፊያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለእማም። ስለዘገየሁ ይቅርታ። መጻፍ እየጀመርኩ ስቀድ ነው የቆየሁት።

ከማሉ ያየው እውነት ነው። ቢጫ የሆኑ ጓሮዎች አሉ፤ ሰዎቹ እየነቀሉ መንገድ ዳር ከምረውታል። እኛ በገባንባቸው ጓሮዎች ነው የበዛው። ያልገባንበትም ጠውልጓል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በዓይኔ አላየሁም። አቶ ግሩምን ጠየቅኳቸው። «የዝናብ እጥረት ነው፣ ባለሙያ ያየዋል» አሉኝ። «ማሽኑ ከጓሮ ጓሮ ሲሄድ ምላጩ በምን ይታጠባል?» ብዬ ደገምኩ። አጠያየቄ አልጣማቸውም መሰለኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ከማሽኑ አውርደው የጋኖቹ ቤት አስገቡኝ። እድገት ነው ተባለ። ማሽኑ ላይ አሁን አንድ የወልቂጤ ልጅ አለ።

ስለዚህ አለስልሺልኝ ያልኩሽን ተዪው። እማ እምቢ ማለቷ ለጊዜው ጥሩ ነው። ግን ለምን እንደሆነ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለእማም ቢሆን። እማ ካወቀች ሰልሚያ አወቀች፤ ሰልሚያ ካወቀች ደግሞ እዚህ ፋብሪካው ድረስ ይሰማል። እዚህ ወሬ አወጣህ የተባለ ሰው ልብሱን በር ላይ ነው የሚረከበው። ደግሞም እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ ሳልሆን የራሴንም የሰውንም እንጀራ አልዘጋም።

የጋኖቹ ቤት መስኮት የለውም። ሲብላላ ድምፅ ያሰማል፤ ሆድ እንደሚጮህ ነው። የቆጮው ሽታም የእኛ ቤት ሽታ አይደለም፤ ምን እንደጎደለው ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። ከገባሁ ጀምሮ ምግብ አይበላልኝም።

የሚስቱን ነገር ተዪኝ፤ አሁን ወሬው አላማረኝም።

ኢስሀቅ

—

መስቃን
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢስሀቅ፣

ሰላምታውን ከማሉ በአፉ ያድርስልህ። እኔ አሁን ሰላም አይደለሁም።

ማሽኑን ማን አስገባው ትለኛለህ? አንተ! ለእኔ ተዪው ብለህ ጻፍክ፤ ለእማ ደግሞ በስልክ ሌላ ነገር አልካት። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ የሰማሁት ከሰልሚያ ነው፤ እማንም ጠይቄ አረጋገጥኩ። «ኢስሀቅ፣ ይሄ ይመጣል የሚሉት ማሽን የአንተ ነው ወይስ የሰው?» ብላ ጠየቀችህ። «የኔ ነው እማ» አልካት። አላመነችምና ደገመችልህ፤ አሁንም «የኔ ነው» አልክ።

ስልኩን አስቀመጠችና «እንግዲያ ባዕድ አይደለም» አለች።

ይኼን እኔ አላሰብኩትም ነበር። አንተም አላሰብከውም። ሕጉን አልሻረችም እኮ ኢስሀቅ፤ ሕጉን አክብራ ነው በሩን የከፈተችው። ልጄ የወለድኩት፣ የልጄ ቢላ የቤቴ ቢላ አለች። ይህን ብላ ዝም ብትል ጥሩ። ከሰልሚያ ጀምራ እስከ ወንዙ ድረስ ያሉትን ቤቶች ሁሉ አዳረሰች፤ «የልጄ ነው፣ አትፍሩ» እያለች። ሰው የከፈተው ፋብሪካውን አምኖ አይደለም፣ እሷን አምኖ ነው።

በመጣ ዕለት አዲሱን ሻሿን አስራ በር ላይ ቆመች። ትራክተሩ ላይ የማናውቀው ልጅ ነበር። «ኢስሀቅስ?» አለችው። «እሱ ውስጥ ነው እናቴ፤ ማሽኑ ግን የሱ ነው» አላት። ማን እንዳስጠናው እንጃ። ምሳ አበላችው፤ አይብ ሳይቀር።

እኔ ወደ ምላጩ ጠጋ አልኩ። ጥርሶቹ መሃል የደረቀ ቃጫ ተሰክቷል። የእኛ አይደለም፣ የእኛ ገና አልተነካም። «እማ፣ ቆይ እሳት ላምጣና ላሳልፈው» አልኳት። ዞራ አየችኝ። «የወንድምሽን ቢላ እንደ ሌባ ልትተኩሺው ነው?» አለችኝ፣ ያውም ሰው ፊት። ያን ጊዜ ሁሉንም ማፍረጥረጥ ነበረብኝ። ለእማም አትናገሪ ብለኸኝ አፌን ይዤ ቆምኩ። አሁን ያንገበግበኛል።

ለመፋቅ ያልደረሱትን ትተውልን፣ የደረሱትን ቆርጠው ፍቀው ሄዱ። ሲሄዱ የቀሩትንም ሳይቧጭሩ አልቀሩም። በል አሁን በግልጽ መልስልኝ፤ ያ ቃጫ የማን ጓሮ ነው?

ሳፊያ

—

ወልቂጤ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳፊ፣

አፉ በይኝ ብዬ ከጀመርኩ መጨረሻ የለውም፤ ስለዚህ መልሱን ላስቀድም። ቃጫው የአገና ነው። ማሽኑ ከዚያ ቀጥታ ነው ወደ እናንተ የወረደው።

እማ ስትደውል አቶ ግሩም ቢሮ ነበርኩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ድምፁን ክፈተው» አሉኝ። ለካ ድምፅ ተከፍቶ የሚወራው እኛ ቤት ብቻ አይደለም። «የአንተ ነው?» ስትል አንገታቸውን ነቀነቁልኝ፤ እኔም የኔ ነው አልኩ። አልዋሽሽም፣ ስለው ደስ ብሎኛል። እናቴ እንደዚያ ኮርታ ጠይቃኝ አታውቅም። አፌ ላይ ጣፈጠኝ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። የመሃል ቅጠሉን እዪ፤ መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ የሚያጎነብሰው እሱ ነው። ካየሽ ግንዱን ቁረጪ። ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ ካወጣ እንሰት አጠውላጊ የሚሉት በሽታ ነው፤ በቢላ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄደው፤ መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅለሽ ቅበሪ። ቢላውን እሳት ሳታሳልፊ ሌላ እንዳትነኪበት። ቶሎ አይታይም፤ ዝም ብሎ ይቆይና ነው። ምናልባት ምንም አይሆንም። ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም።

ለእማ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

ኢስሀቅ

—

መስቃን
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢስሀቅ፣

ረመዳንን በሰላም ጨረስን፤ ኢዱም አለፈ። ለእማ ግን አልነገርካትም።

በስልክ «ጓሮው እንዴት ነው?» ስትል «አረንጓዴ ነው» ያልኩህ ለእማ ጆሮ ነው። አባታችን ከበሩ ጎን የተከለው የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። እማ ፀሐይ ነው ትላለች። ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ቆረጥኩት። ያልከኝ ነገር ወጣ፤ እጄ ላይ እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ። ሳሙናም አመድም አላስለቀቀልኝም፤ ሽታው አሁን እየጻፍኩም አለ። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ጀምረዋል። እሷ በወጣች ቁጥር እነቅላለሁ፣ እቀብራለሁ፣ አፈሩ ላይ ደረቅ ቅጠል እበትናለሁ። እማ ዓይኗ ደህና ነው ኢስሀቅ። እያየች ነው ዝም የምትለኝ።

ትናንት ሰልሚያ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሰልሚያ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ሰምተህ ታውቃለህ? «የእናንተም ቢጫ ሆነ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ እኛ ዘንድ የለም» አልኳት። ፈራሁ።

ማሽኑ ሌላ መንደር ሊገባ ነው ይባላል። እባክህ ለአለቆችህ ተናገር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ወደ ሌላው ሰው ቤት ገና አልገባም።

ሳፊያ

—

ወልቂጤ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

ተናገርኩ። ሸሚዜን ለውጬ፣ ቃሉን አጥንቼ ነው የገባሁት። ልባረር ነው ብዬ ልብሴንም ሰብስቤ ነበር።

አቶ ግሩም «አውቃለሁ» አሉኝ፤ ሻይ እየጠጡ። «ማሽኑ ካሁን በኋላ ጓሮ አይገባም፤ ቃጫውን ስለሚበጣጥሰው ልናቆመው ነበር። እንሰቱ ከሩቅ በጭነት መኪና ይመጣል። እዚሁ ግቢ ውስጥ በእጅ ይፋቃል። የሚፍቁ ሴቶች ነው የምንፈልገው» አሉ። ሴቶች ጓሯቸውን ጥለው ከየት ይመጣሉ አልኳቸው። «ጓሮ የሌላት አሁን ብዙ ሴት አለች» አሉኝ። በክፋት አልተናገሩትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከግቢው ጀርባ ረጅም የቆርቆሮ መጠለያ እየተሠራ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጣውላዎቹን ከዳር እስከ ዳር ደርድረው ቸንክረዋቸዋል። ሴቶቹ የሚቀመጡበት ነው። አንድ አውቶቡስም ተከራይተዋል።

የቡድን መሪነቱን ሰጡኝ፤ የመጠለያው። አልቀበልም ልል ነበር። ተቀብያለሁ። እንድትሰድቢኝ ነው የምነግርሽ።

ኢስሀቅ

—

መስቃን
ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

አልሰድብህም፤ አቅሙም የለኝ። «ለአረፋ ልምጣ ወይ?» ስትል የተቋረጠው ኔትወርክ አይደለም። እማ ናት ከእጄ ወስዳ የዘጋችው።

ባለፈው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ጀፎረው ላይ፣ ያ ሰፊው የመንደራችን መንገድ ዳር፣ ተቀመጡ። ያን ጊዜ የሰልሚያ ጓሮ ሙልጭ ብሎ ነበር። እስከ ወንዙ ያሉትም እንደዚያው። የእኛውን መደበቅ ካቃተኝ ሰንብቷል። እማን አስጠሯት፤ እኔም ከኋላ ሄድኩ። ሰልሚያ ሴቶቹ መሃል ነበረች፤ ቀና ብላ አላየችንም።

«ቢላው የልጄ ነው ብለሽ አስገባሽብን» አሏት። «አሁንስ? የማን ነበር?»

የልጄ ነው ብትል ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ከዚህ መንደር እግርህ ይነቀላል፣ ለአረፋም ለቀብርም አትመጣም። የባዕድ ነው ብትል ደግሞ ውሸታሟ እሷ ናት። ልብሷን ሰብሰብ አደረገች።

«የባዕድ ነው» አለች። «እያወቅሁ ነው ያታለልኳችሁ። ልጄ የለበትም።»

ኢስሀቅ፣ እናታችን በዚህ ዕድሜዋ ሰው ፊት ያላደረገችውን አደረግሁ ብላ ማለች። ማንም ደቦ እንዳይመጣላት፣ ማንም ቤቱ እንዳይጠራት ፈረዱባት። አቤት ሳትል ተቀበለች። ሰልሚያ ጓሮ ላማችን ስትገባ እንኳ አሁን ድምፅ ሳታሰማ ትመልሳታለች፤ ስድቧ ናፈቀኝ።

ማክሰኞ ዕለት መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ በመንደሩ አለፈ። ያልከው ነው፤ የሚፍቁ ሴቶች ይመዝገቡ አለ። ቡታጅራ ሄጄ ተመዘገብኩ። ምን ላድርግ? የጉድጓዱ ቆጮ ሊያልቅ ነው፤ ከዚያ ሱቅ ሄጄ የእናንተን ፓኬት ልገዛ ነው? ሰው ሁሉ ለአረፋ ወደ አገሩ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ስለዚህ አትምጣ፤ ብትመጣም አታገኘኝም። አውቶቡሱ ሰኞ ነው።

እማስ ከማን ጋር ትቀራለች ትለኛለህ። አትቀርም። ሳትነግረኝ ተከትላኝ መጥታ ከኋላዬ ተሰልፋ ነበር፤ ዞር ስል ነው ያየኋት። የሚመዘግበው ልጅ ዕድሜዋን ሲጠይቃት ብዙ ቀነሰችለት፤ እሱም እጇን አየና ዝም ብሎ ጻፈ።

«በፋብሪካው የሚሠራ ዘመድ አለሽ?» አላት።

«የለኝም» አለችው።

ሥራህን እንዳታጣ ብላ ይሁን ከልቧ ይሁን፣ ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኳት። ሻሿን አጥብቃ ቀድማኝ ሄደች። እንግዲህ የመጠለያው መሪ አንተ ስለሆንክ የምትረከበን አንተ ነህ። በር ላይ ስታያት ቀድመህ «እማ» እንዳትላት። እሷ ትጀምር።

ሳፊያ